የአንቴና ቡስተር አገጣጠም፦ ከምሰሶው ጫፍ እስከ ቴሌቪዥኑ

ባለፈው ጥር ደጀን አጠገብ የምትኖረው አክስቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። ቤቷ ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ትንሽ ዝቅ ይላል። ግቢው ለዓይን ደስ ይላል፤ ለቴሌቪዥን ግን አይመችም። አንቴናው የባህር ዛፍ ምሰሶ ላይ ቆሟል። ኬብሉ ወጥ ቤቱን ይዞርና በጓዳ በኩል ሳሎን ይገባል። ምስሉን ነጠብጣብ ይወርረዋል፣ ድምፁም ሽሽሽ ይላል። አክስቴ ሲሰለቻት ከከተማ ቡስተር፣ ማለትም የአንቴና ሲግናል ማጉያ፣ አስመጥታ ነበር። ማጉያውንም ኃይል መስጫውንም አንድ ላይ ቴሌቪዥኑ ጀርባ አስገጠመችው። ለውጥ የለም። «ብሬን እንዲያው በላው ልጄ» አለችኝ።

ቡስተሩ ግን ደህና ነበር። ማጉያውን ፈትተን ምሰሶው ጫፍ፣ አንቴናው ሥር አሰርነው። ምስሉ ጠራ። ዕቃው ያው፣ ቴሌቪዥኑም ያው፣ የተቀየረው ቦታው ብቻ ነው። ይህን ስህተት ደብረ ማርቆስም፣ ቡሬም፣ ሞጣም አይቼዋለሁ። ሰው ገንዘቡን አውጥቶ፣ ዕቃውን ገዝቶ፣ በአንድ የቦታ ስህተት ተስፋ ሲቆርጥ ያሳዝነኛል። ስለዚህ አሠራሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልጻፈው።

ዲሽ ነው አንቴና?

ይህ መመሪያ ዘንግ ዘንግ ላለው ወይም የሽቦ ወንፊት ጀርባ ላለው የውጭ አንቴና ነው። ለዲሽ አይደለም። ዲሽ የራሱ ማጉያ ራሱ ላይ አለው፤ ኤልኤንቢ የምንለው ማለት ነው።

ልዩነቱን የማነሳው በግዢ ጊዜ ስለሚያሳስት ነው። ለዲሽ ኬብል የሚሠራ ጣት የምታክል ማጉያ ገበያ ላይ አለች። እሷ የምትሠራው ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ነው። የውጭ አንቴና የሚይዘው ግን ከዚያ በታች ነው፤ ቪኤችኤፍ በሚባለው የሞገድ ክልል ከ174 እስከ 230፣ ዩኤችኤፍ በሚባለው ደግሞ ከ470 ጀምሮ። የዲሿን ማጉያ አንቴና ላይ ብታስሩ ምንም አታገኙም። ስትገዙ ስሙን ትታችሁ ቁጥሩን አንብቡ።

አቦልና በረካ

ቡስተር ሲግናል አይፈጥርም። የመጣውን ያጎላል። ከሲግናሉ ጋር የመጣውን ጫጫታም፣ ማለትም ምስሉን የሚያበላሸውን ሞገድ፣ አብሮ ያጎላል። አንቴናው ምንም ካልያዘ ቡስተሩ የሚያጎላው ባዶ ጫጫታ ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይሉ የለ።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድነው? ኬብል ሲግናል ይበላል። አንቴናው የያዘው አቦል ነው። ረጅም ኬብል ሲያልፍ ቶና ይሆናል፣ ለሁለት ቴሌቪዥን ሲከፈል በረካ ይሆናል። በረካን የፈለጋችሁትን ያህል እሳት ብታነዱበት አቦል አይሆንም። ቴሌቪዥኑ ጀርባ የተገጠመ ቡስተር በረካ የሚያፈላ ነው። አንቴናው ሥር የተገጠመው ግን ሲግናሉን ገና አቦል እያለ ይይዘዋል። የሥራው ሁሉ ሚስጥር እዚህ ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። የሲግናል መጠን በዲቢ ይለካል። 3 ዲቢ ጠፋ ማለት ኃይሉ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። 10 ዲቢ ከጠፋ የቀረው አንድ አሥረኛው ብቻ ነው። አርጂ-6 የሚባለው ደህና ኬብል በዩኤችኤፍ ላይ በየ10 ሜትሩ 2 ዲቢ ገደማ ይበላል። ለሁለት የሚከፍል ማከፋፈያ ደግሞ 4 ዲቢ ገደማ። አክስቴ ቤት ኬብሉ 30 ሜትር ነው፣ ከልጇ ክፍል ጋር ቴሌቪዥኑ ሁለት ነው። 6 ሲደመር 4፣ 10 ዲቢ። ከአንቴናው ከተነሳው አሥር እጅ፣ ቴሌቪዥኑ ጋ የሚደርሰው አንድ እጅ ነበር። ቡስተሩ ያንን ነው የተካው።

ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሩት

ይህ ሙከራ ወጪ ያድናል። ትንሽ ቴሌቪዥን ተዋሱ። 2 ሜትር የማይበልጥ ኬብል አዘጋጁ። ቴሌቪዥኑን ምሰሶው ሥር አምጡትና አንቴናውን ከዚያ ከፍታው ሳታወርዱ በሚቻለው አጭር ኬብል አገናኙት። ጣሪያው ላይ ጠፍጣፋ ቦታ ካለ እዚያ አስቀምጡት። ምሰሶው በጣም ረጅም ከሆነ ኬብሉ 5 ሜትር ቢሆንም ምንም አይደል።

እዚያ ጥሩ ታይቶ ሳሎን ውስጥ ከተበላሸ ሲግናሉን የበላው ኬብሉ ነው። ቡስተር ይረዳችኋል። እዚያም መጥፎ ከሆነ ግን ቡስተር አትግዙ። ችግሩ ከፍታና አቅጣጫ ነው፣ ወይም አንቴናው ራሱ ተበላሽቷል።

የእኛ አገር መልክዓ ምድር ለዚህ ሙከራ ትልቅ ትርጉም ይሰጠዋል። የቴሌቪዥን ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ተራራ አይዞርም። ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ ነው። ማሰራጫው ከተራራው ወዲያ፣ እናንተ ወዲህ ከሆናችሁ የትኛውም ቡስተር ተራራውን አይበሳውም። በዓባይ ገደል አፋፍ ያሉ ቀበሌዎችም እንዲሁ ናቸው፤ አፋፉ ላይ ያለው ቤት በደንብ ያያል፣ 100 ሜትር ወረድ ያለው አያይም። በጣና ዳር ባለው ሜዳ ግን ነገሩ ይቀላል። ከቡስተር በፊት ምሰሶውን 2 ሜትር ከፍ አድርጉ። ካልሆነ ቦታ ለውጡ። በአንድ ግቢ ውስጥ 5 ሜትር ወደ ጎን መሄድ ብቻ ምስሉን ሲለውጠው በዓይኔ አይቻለሁ።

አቅጣጫው ከጠፋችሁ የጎረቤት አንቴና እዩ። ጥሩ የሚያይ ጎረቤት ወዴት እንዳዞረው፣ ዘንጎቹ አግድም ይሁኑ ቁም አስተውሉ። እሱ ዘንጎቹን አግድም አድርጎ እናንተ ቁም ካደረጋችሁ አብዛኛውን ሲግናል ታጡታላችሁ።

ምን ዓይነት ቡስተር?

ነጋዴው «ይሄ 40 ዲቢ ነው፣ ያኛው 20 ብቻ ነው» ይላችኋል። ብዙ ዲቢ የተሻለ ይመስላል። አይደለም። ለአንድ መኖሪያ ቤት ከ15 እስከ 25 ዲቢ ይበቃል። ማጉያው ከልክ በላይ ሲሆን ቴሌቪዥኑን ያጨናንቀዋል፤ በተለይ ማሰራጫው ቅርብ በሆነበት ከተማ። ጭራሽ የነበረው ጣቢያም ይጠፋል።

ከዲቢው ይልቅ ሌላ ቁጥር ፈልጉ። ማጉያው ራሱ ምን ያህል ጫጫታ እንደሚጨምር ማሸጊያው ላይ «ኖይዝ ፊገር» ተብሎ ይጻፋል። ከ3 ዲቢ ካነሰ ጥሩ ነው። ጨርሶ ካልተጻፈ እኔ አልገዛውም።

ዕቃው ሁለት ክፍል ይኑረው። አንዱ ውጭ የሚታሰረው ማጉያ ነው። ሁለተኛው ቤት ውስጥ ሶኬት ላይ የሚሰካው ኃይል መስጫ ነው፤ አዳፕተር እንለዋለን። አዳፕተሩ በ220 ቮልት የሚሠራ ይሁን። ብዙ ጊዜ ወደ ማጉያው የሚልከው 12 ቮልት ነው፣ በዚያው በአንቴናው ኬብል ውስጥ። ለብቻው የመብራት ገመድ ወደ ምሰሶ አይወጣም። ሶኬት ላይ የሚሰካና ለቤት ውስጥ ብቻ የተሠራ አንድ ወጥ ቡስተርም አለ። እሱን ምሰሶ ላይ ለመስቀል እንዳታስቡ። 220 ቮልት ዝናብ ላይ ማውጣት ሰው ይገድላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የሽቦ ወንፊት ጀርባ ያላቸው ብዙ አንቴናዎች መሃላቸው ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን አለች። ውስጧ ቡስተር ሊኖር ይችላል። ካለ ሁለተኛ አትጨምሩ። የተቃጠለ ከሆነ ሰሌዳዋን ብቻ በሁለት ቡሎን ፈትታችሁ በተመሳሳይ ቀይሩ።

ለሥራው የሚያስፈልገው

ቡስተሩ ከነአዳፕተሩ። አርጂ-6 ኬብል፣ 75 ኦም የሚል ጽሑፍ ያለበት፤ ለክተው ከሚያስፈልገው 2 ሜትር አስበልጡ። በጥምዝ የሚገጠሙ ኮኔክተሮች ቢያንስ አራት፣ ሁለት መጠባበቂያ። ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር። ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ስለት። ፀሐይ የማይሰብረው የፕላስቲክ ማሰሪያ ወይም ዝገት የማይዘው ሽቦ። ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ከተገኘ በጣም ጥሩ ነው። ለመሬት ማስያዣው የመዳብ ገመድና 1 ሜትር ተኩል የሚሆን የብረት ዘንግ። እና አንድ ሰው። ይህን ሥራ ብቻችሁን አትሥሩ።

በኬብል ላይ አትሰስቱ። ቀጭን ርካሽ ኬብል ገዝቶ ውድ ቡስተር መግጠም በአንድ እጅ እየሰጡ በሌላ መንጠቅ ነው። አሮጌው ኬብል ውጩ ከተሰነጣጠቀ ወይም ውስጡ ያለው የሽቦ መረብ ከጠቆረ ጣሉት፤ ውሃ ገብቶበታል።

ከመውጣታችሁ በፊት

ሥራውን በበጋ፣ በጠዋት ሥሩት። በክረምት ግድ ከሆነ ከረፋዱ በፊት ጨርሱ። የጎጃም የክረምት ደመና ከሰዓት በኋላ ሳይታሰብ ይጠቁራል። ነጎድጓድ ሩቅ ቢሆንም ድምፁን ከሰማችሁ ውረዱ። አክስቴ ደመና ጠቆር ሲል «ተው ልጄ፣ ቴሌቪዥኑ ነገም አለ» ትላለች። ትክክል ናት።

የመብራት መስመር የት እንደሚያልፍ እዩ። ምሰሶው ቢወድቅ በየትኛውም አቅጣጫ ሽቦውን መንካት የለበትም። ምሰሶው 8 ሜትር ከሆነ ከመስመሩ ቢያንስ 12 ሜትር ይራቅ። ቦታ የለም ካላችሁ ምሰሶውን አሳጥሩ። በዚህ ላይ ድርድር የለም። እርጥብ የባህር ዛፍ ምሰሶም ቢሆን እንጨት ስለሆነ መብራት አይዝም የሚል ሰው ሰምቻለሁ። ይይዛል።

ቆርቆሮ ላይ ስትወጡ ሚስማር ባለበት መስመር ርገጡ፤ ሥሩ ወራጅ ወይም ማገር አለ። መሰላሉን ሰው ይያዝላችሁ። አዳፕተሩ ሶኬት ላይ እንዳይሰካ፣ ቴሌቪዥኑም ተነቅሎ ይቆይ።

1. ማጉያውን ማሰር

ምሰሶውን ማውረድ ከተቻለ አውርዱትና መሬት ላይ ሥሩ። ማጉያው ከአንቴናው በታች፣ ከ1 ሜትር ባልራቀ ቦታ ይታሰር። በቀረበ ቁጥር ይሻላል።

ኬብል የሚገባበት ቀዳዳ ወደ ታች ይይ። ወደ ላይ ካየ ሳጥኑ ውሃ ይጠጣል። ብዙ ሰው ሳጥኑን በፌስታል ጠቅልሎ ግጥም አድርጎ ያስረዋል። ለዝናብ መከላከያ ይመስላል። ነገር ግን ሌሊት ብርድ፣ ቀን ፀሐይ ሲሆን ፌስታሉ ውስጥ ላብ ይጠራቀማል፣ ሰሌዳውን ያዝገዋል። በጮቄ ዙሪያ ባለው ውርጭ ደግሞ ይብሳል። የተሻለው ዘዴ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ትልቁን ውሰዱ፣ ታችኛውን ግማሽ ቁረጡ፣ እንደ ቆብ ከላይ ድፉበት። ዝናብ አያስገባም፣ ከታች ነፋስ ይገባል። በየዓመቱ ይቀየር፤ ፀሐይ ያደርቀዋል።

ከአንቴናው የሚመጣው አጭር ኬብል «ኢን» በሚለው ይገባል። ወደ ቤት የሚወርደው «አውት» በሚለው። ማገለባበጥ ቀላል ነው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቀዳዳ ናቸው። ከተገላበጠ አይሠራም፣ ሊቃጠልም ይችላል።

2. ኮኔክተር

እውነቱን ለመናገር ካየኋቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ እዚህች ጣት በምታክል ብረት ላይ ናቸው። ስለዚህ ጊዜ ስጧት።

ከኬብሉ ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል የውጩን ጥቁር ፕላስቲክ ብቻ ቁረጡ። ስለቱን አታጥብቁት፤ ውስጡ ያለው የሽቦ መረብ እንዳይቆረጥ። መረቡን ወደ ኋላ እጠፉና በኬብሉ ዙሪያ አስተኙት። ቀጥሎ ነጩ ፕላስቲክ ይመጣል። ከጫፉ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል አንሱለት። መሃል ያለችው የመዳብ ሽቦ ባዶዋን ትታያለች። እሷን በስለት አትጫሯት፤ የተጫረች ሽቦ ነፋስ ሲያወዛውዛት ትሰበራለች።

አሁን ደግሞ በብርሃን ተመልከቱ። ከመረቡ አንዲት ፀጉር የምታክል ሽቦ እንኳ መሃለኛዋን መንካት የለባትም። ከነካች አዳፕተሩ የሚልከው 12 ቮልት እዚያው ይገናኛል። የአዳፕተሩ መብራት ይጠፋል ወይም ይደበዝዛል፣ ሰውነቱ ይግላል። ኮኔክተሩን አስገብታችሁ በእጅ ጠምዝዙ፣ በፒንሳ ትንሽ አጥብቁ። መሃለኛዋ ሽቦ ከኮኔክተሩ አፍ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ወጣ ካለች ይበቃል።

ቴስተር ካላችሁ ኬብሉን ከየትም ሳታገናኙ ለኩት። በመሃለኛዋ ሽቦና በውጩ ብረት መካከል ምንም መገናኘት መኖር የለበትም።

ውጭ ያሉትን መጋጠሚያዎች ሁሉ በፕላስተር ጠቅልሉ። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ጠቅልሉ። ልክ እንደ ሣር ክዳን፣ የላይኛው በታችኛው ላይ ይደረብ። ያኔ ውሃው ይንሸራተታል።

3. ኬብሉን ማውረድ

ከማጉያው እንደወጣ ኬብሉ መጀመሪያ ወደ ታች ጎንበስ ይበል፣ ከዚያ ወደ ምሰሶው ይመለስ። ግድግዳ ከመግባቱ በፊትም እንዲሁ ዝቅ ብሎ ይመለስ። ዝናብ ኬብል ተከትሎ ይወርዳል፤ እዚያ ዝቅታ ላይ ይንጠባጠብና ይቀራል። ይህን ሳያደርጉ ውሃው ኬብሉን ይዞ ቴሌቪዥን ድረስ የገባበት ቤት አውቃለሁ።

በየግማሽ ሜትሩ እሰሩት፣ ግን አታንቁት። ኬብል ሲጨፈለቅ ወይም በቀጥታ ሲታጠፍ ሲግናል ያፈስሳል። መታጠፊያው እንደ ሻይ ብርጭቆ አፍ ክብ ይሁን፣ ከዚያ አይጥበብ። ግድግዳውን ስትበሱ ቀዳዳው ከውስጥ ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ። የጭቃ ቤት ከሆነ ኬብሉን በቁራጭ ቱቦ አሳልፉት፤ ኮርኒስ ውስጥ ካለፈም እንዲሁ፤ አይጥ የኬብል ፕላስቲክ ትወዳለች። ከመብራት ገመድ ጋር አንድ ላይ አትሰሩት።

4. ኃይል መስጫው

አዳፕተሩ ቤት ውስጥ፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ሁለት መገናኛ አለው። አንዱ ወደ ማጉያው፣ ሌላው ወደ ቴሌቪዥን ነው። በወንፊቱ አንቴና ዓይነቶች ላይ ደግሞ አዳፕተሩ ኬብሉን የሚይዝ ትንሽ መሰኪያ ይዞ ይመጣል፤ መሰኪያው ቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ይገባል።

ሁለት ቴሌቪዥን ካላችሁ ማከፋፈያው ከአዳፕተሩ በኋላ ይሁን። በፊት ከሆነ 12 ቮልቱን ሊያግደው ይችላል፣ ማጉያውም ኃይል ሳያገኝ ይቀራል። ማጉያው ኃይል ሲያጣ ሲግናሉን ከማጉላት ይልቅ ይዘጋዋል። በፊት ትንሽ ይታይ የነበረው ምስል ጭራሽ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

አዳፕተሩን ከመሰካታችሁ በፊት ሁሉም ነገር ተገናኝቶ ያለቀ ይሁን። ከተሰካ በኋላ ኬብል አትፍቱ፣ አትግጠሙ።

አንድ አደጋ ደግሞ አለ። ይህን ኬብል በስህተት የዲሽ ሪሲቨር ላይ እንዳትሰኩት። የዲሽ ሪሲቨር ወደ ላይ 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል፤ ለ12 ወይም ለ5 ቮልት የተሠራ ማጉያ ሊቃጠልበት ይችላል። ለአንቴና የተሠራ ዲጂታል ሪሲቨር ያላችሁ ደግሞ ሜኑው ውስጥ የአንቴና 5 ቮልት የሚል ምርጫ ሊኖር ይችላል። ቡስተራችሁ በራሱ አዳፕተር የሚሠራ ከሆነ ያንን አጥፉት።

መብራት የሌለበት ቤት

በጎጃም ገጠር ብዙ ቤት ቴሌቪዥኑን የሚያየው በሶላር ባትሪ ነው። ደስ የሚለው፣ የ12 ቮልት ቡስተር እጅግ ትንሽ ኃይል ነው የሚፈልገው፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 ወይም ከ2 ዋት አይበልጥም። የአዳፕተሩን ነገር ትታችሁ ኬብል ላይ ቮልት የሚያስገባውን መገናኛ ከባትሪው ማገናኘት ይቻላል። ፖዘቲቩ ወደ መሃለኛዋ ሽቦ፣ ኔጌቲቩ ወደ መረቡ መሆኑን አረጋግጡ። መስመሩ ላይ ትንሽ ፊውዝ አስገቡ። ባትሪው ፀሐይ ላይ ሲሞላ ከ14 ቮልት በላይ ስለሚወጣ ቡስተሩ ስንት ቮልት እንደሚችል ጽሑፉን አንብቡ። እስከ 15 የሚል ከሆነ አያሰጋም። 12 ብቻ ካለ ቮልት የሚያስተካክል መለወጫ በመሃል ያስፈልጋል።

5. አንቴናውን ማነጣጠር

አንዱ ምሰሶው ጋ፣ አንዱ ቴሌቪዥኑ ጋ። ድሮ ከጣሪያ ሆኖ «አሁንስ?» ብሎ መጮህ ነበር፤ አሁን ስልክ አለ። ከየት እስከ የት እንደዞረ ምሰሶው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ።

በአናሎግ ምስሉን በቀጥታ ታዩታላችሁ። በዲጂታል ግን ቀስ ማለት ያስፈልጋል። ዲጂታል ወይ ጥርት ይላል ወይ ይቆማል፤ መሃል የለውም ማለት ይቻላል። ሪሲቨሩ ምስሉን ለማሳየትም ጥቂት ሴኮንድ ይዘገያል። ስለዚህ ጣት ያህል አዙሩ፣ አምስት ቁጠሩ፣ እንደገና ጣት ያህል። ሜኑው ላይ ሁለት መስመር አለ፤ የሲግናል ብርታትና ጥራት። ዓይናችሁ ጥራቱ ላይ ይሁን። ብርታቱ ሞልቶ ጥራቱ ዝቅ ካለ የምታጎሉት ጫጫታ ነው።

ማጉያው ላይ የምትዞር ትንሽ ቡሎን ካለች በትንሹ ጀምሩ። ምስሉ እስኪጠራ ብቻ ጨምሩ፣ እዚያ ላይ አቁሙ። ከዚያ ጣቢያዎቹን እንደገና አስፈልጉ። በመጨረሻ ምሰሶውን በሦስት አቅጣጫ በሽቦ ወጥሩት። የነፋስ ነገር ቀላል አይደለም፤ ዛሬ ያነጣጠራችሁት አንቴና ካልተወጠረ ነገ ሌላ ቦታ ያያል።

መብረቅ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ደጋ ላይ፣ ከፍ ያለ ምሰሶ ላይ ብረት ሰቅለናል። መሬት ማስያዣው፣ ኧርዝ የሚባለው፣ ግዴታ ነው።

የአንቴናውን ብረት ከወፍራም የመዳብ ገመድ ጋር በቡሎን አጥብቁ። 16 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነው ይመረጣል። ምሰሶው ብረት ከሆነ ገመዱን ከምሰሶው ሥር ጀምሩት፤ እንጨት ከሆነ ከላይ ጀምሮ ይውረድ። በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ፣ በውጭ በኩል፣ ቤት ሳይገባ ይውረድ። የብረት ዘንጉን እርጥበት የማይጠፋበት ቦታ ትከሉ። ቤታችሁ የራሱ ኧርዝ ካለው ሁለቱን ኤሌክትሪሺያን አንድ ላይ ያገናኛቸው፤ ተለያይተው መቅረታቸው ራሱ አደጋ ነው።

ይህ ሁሉ ቀጥታ የወረደ መብረቅ አያቆምም። ስለዚህ ነጎድጓድ ከመቅረቡ በፊት አዳፕተሩን ከሶኬት ንቀሉ፣ የአንቴናውንም ኬብል ከቴሌቪዥኑ ንቀሉና አርቁት። የመብራት ዲቫይደሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ መብረቅ ማብሪያ ማጥፊያ አይመለከትም። ከጀመረ በኋላ ግን ኬብሉን አትንኩ። ቴሌቪዥኑ ይቅር።

ሲበላሽ

የአዳፕተሩ መብራት ካልበራ አዳፕተሩን ከሶኬት ንቀሉ፣ ኬብሉን ከአዳፕተሩ ለዩና አዳፕተሩን ብቻውን እንደገና ሶኬት ላይ ሰኩት። ብቻውን ከበራ ኬብሉ ወይም ኮኔክተሩ ላይ ንክኪ አለ። ብቻውንም ካልበራ አዳፕተሩ ሞቷል። በተመሳሳይ ቮልት ይተካ።

መብራቱ በርቶ ምስል ከሌለ ምሰሶው ጋ 12 ቮልቱ መድረሱን በቴስተር እዩ። ደርሶ ካልሠራ ማጉያው ተቃጥሏል። ከመብረቅ ቀን ማግስት ይህ ያጋጥማል።

በጋ እየሠራ ዝናብ ሲመጣ የሚጠፋ ከሆነ ውሃ መጋጠሚያ ገብቷል። ቆርጣችሁ አዲስ ኮኔክተር ግጠሙ። ማድረቅ ለጥቂት ቀን ነው የሚያገለግለው።

ማታ ማታ ብቻ ካስቸገረ የመብራቱን ቮልት ጠርጥሩ። ሰው ሁሉ ምጣድና ምድጃ በሚጥድበት ሰዓት ቮልት ይወርዳል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል። እኔ መብራት ሲጠፋ አዳፕተሩን እነቅላለሁ፤ ሲመጣ ደግሞ አምስት ደቂቃ ጠብቄ እሰካለሁ።

ደህና ሲሠራ ቆይቶ አቅራቢያችሁ የስልክ ማማ ከቆመ በኋላ ከተበላሸም የሚገርም አይደለም። አንዳንዱ የ4ጂ ሞገድ ከዩኤችኤፍ ቴሌቪዥን ሞገድ አጠገብ ነው፤ ቡስተሩ እሱንም አብሮ ያጎላል። ለዚህ ማጣሪያ ፊልተር አለ፤ ከአንቴናውና ከማጉያው መካከል ይገባል። እስኪገኝ ድረስ የማጉያውን መጠን ቀንሱ።

ቡስተሩ ከተገጠመ በኋላ ምስሉ ከበፊቱ ከባሰ፣ ማጉያውን አልፋችሁ አንቴናውን በቀጥታ ከኬብሉ ጋር አገናኙ፤ አዳፕተሩንም ከመስመሩ አውጡ። እንዲያ ሲሆን ከተሻለ ሲግናላችሁ ድሮም በቂ ነበር። ቡስተሩን ለሚያስፈልገው ስጡት።

አክስቴ ቤት ክረምቱ ሲያልፍ ተመልሼ ሄጄ ነበር። አደይ አበባው ግቢውን ሞልቶታል። አንዱ መወጠሪያ ሽቦ ላልቶ አንቴናው ወደ ሸለቆው ዞሯል፤ የሃይላንዱ ቆብም ተሰንጥቋል። ሽቦውን ወጠርን፣ በጠመኔው ምልክት ፋንታ በምስማር የጫርነው መስመር ላይ አንቴናውን መለስን፣ አዲስ ጠርሙስ ቆርጠን ደፋን። ፕላስተሩን ጫፉ የተነሳበት ቦታ ላይ ደረብን። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። በየዓመቱ መስከረም ላይ ይህችን ያህል ጊዜ መድቡላት።